ሁለተኛው ቡጢ

ቅዳሜ፣ ኦገስት 9፣ ከሰዓት

ድንች ልጬ ጨረስኩ። ጣቴን ሁለቴ ቆረጥኩ፤ ጀልባዋ ዝም ብላ አትቆምም። ፊደሌም እንደምታዪው ነው ደብተሬ። ሲያትል ከኋላችን ጠፍታለች። ባሌ ዳዊት መሪውን ይዞ ያፏጫል። ይቺን አሮጌ የሸራ ጀልባ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ከገዛት ወዲህ ሌላ ሰው ሆኗል። ሳምንቱን ሙሉ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል፤ ቅዳሜ ካፒቴን ነው። ወደ ሰሜን ደሴቶች እየሄድን ነው፣ የልጃችን የሊያ ልደት ስጦታ። አሥራ ሁለት ዓመቷ።

ጋሽ ተፈራም አብረውን አሉ፣ የዳዊት ታላቅ ወንድም። አሜሪካ ከመጡ ዓመት አልሞላቸውም፤ ኬንት ቤታችን ከእኛ ጋር ይኖራሉ። ወላጆቻቸው ሲሞቱ ዳ.ን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አብልተው፣ አስተምረው፣ ገርፈው። ዳ. የቀበቶውን ነገር እየሳቀ ነው የሚያወራው። ዛሬ ላይፍ ጃኬት፣ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን፣ ይልበሱ ቢላቸው እምቢ አሉ። ለመናቸው። ልጅ ነኝ እንዴ፣ አሉት። ፉጨቱን አቆመ።

እሑድ፣ ኦገስት 10፣ አመሻሽ

ሎፔዝ ደሴት ጥግ መልሕቅ ጥለናል። በሕይወት አለን። እንደሆነው ልጻፈው፤ ነገ ሁሉም የየራሱን ያወራል።

ጠዋት ካደርንበት ከፖርት ታውንሰንድ ስንነሳ ባሕሩ ዘይት ነበር የሚመስለው። ከምሳ በኋላ፣ ሰፊው ውሃ መሀል፣ ነፋስ። ጀልባዋ በጎኗ ተኛች። ሳህኑ፣ ድስቱ፣ ጫማው ታች ይንኮታኮታል። ዳ. መሪውን ለእኔ ሰጥቶ የፊቱን ሸራ ሊያወርድ እየዳኸ ሄደ። የትልቁ ሸራ ገመድ ጋሽ ተ. እጅ ላይ ነው። ገመዱ ካልተለቀቀ እንገለበጣለን፤ ይሄን እኔም አውቃለሁ።

የዳ. ጩኸት መጀመሪያ «ጋሼ፣ ይልቀቁት!» ነበር። ከዚያ «ልቀቀው!» ሆነ። ዳ. በሕይወቱ አንተ ብሏቸው አያውቅም። እሳቸው ገመዱን እጃቸው ላይ ጠቅልለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «አትጩኽብኝ!» ብቻ። ፈርተው ይሁን ተናደው አላውቅም። ውሃው በጠርዙ ገባ፣ በረዶ የሆነ ውሃ፣ እስከ ጉልበቴ። ሊያ ከመቀመጫዋ ተንሸራታ ግንባሯ ከብረት ጋር ተላተመ። ዳ. ተመልሶ መጣ። ቡጢውን ጨብጦ የወንድሙን አፍ መታ።

እጃቸው ተፈታ። ገመዱ ሾልኮ ሄደ፣ ሸራው ተርገፈገፈ፣ ጀልባዋ ቀና አለች። ዳንን።

ዳ. ነገ ሲያወራው እዚህ ላይ ያቆማል። ግን ደገመ፣ ደብተሬ። ከዳንን በኋላ ደገመ። ወለሉ ላይ ወድቀው ሳለ ደረታቸው ላይ ተቀምጦ መታቸው፣ አሁንም መታቸው። ጥርስ ወለቀ። ደሙ ነጩ ወለል ላይ ከጨው ውሃው ጋር ወዲያ ወዲህ ይላል። ሊያ «ዳዲ ስቶፕ! ስቶፕ!» እያለች ትጮኻለች። መሪውን ብለቅ እንሞታለን፤ አልለቀቅኩም። ፊቱን ግን አየሁት። ፍርሃት አልነበረበትም። ደስ ብሎት ነበር።

ሰኞ፣ ኦገስት 11፣ ጠዋት

የሊያ ግንባር አብጧል። ጋሽ ተ. ሾርባ እንኳ መዋጥ አቃታቸው። ሐኪም ጋ እንሂድ አልኳቸው፤ ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ። ላይፍ ጃኬቱን ለብሰው ነው ቁጭ ያሉት። አንጀቴን በሉት።

ሰኞ፣ ቀትር ላይ

ዳ. መልሕቁን ሊስብ ጎንበስ አለ። ጋሽ ተ. ከኋላው መጡ፣ የገመድ ማጥበቂያውን የብረት እጀታ ይዘው። ትከሻው ላይ። ከዚያ ጎኑ ላይ። የአጥንት ድምፅ ሰማሁ። «እጄ ላይ አድገህ!» ይላሉ ደም እየተፉ፤ «እጄ ላይ አድገህ!» ዳ. አንድ ጊዜ እንኳ አልተከላከለም። ራሱን በክንዱ ሸፍኖ ኩርምት አለ። ይሄ ጎልማሳ ሰው! ዘልዬ መሀል ገባሁ። አንዱ ምት የእኔ ክንድ ላይ አረፈ። እጀታውን ነጥቄ ባሕር ውስጥ ወረወርኩት። ጮህኩ። ምን እንዳልኩ አላውቅም፣ በጉራጊኛ ይመስለኛል፣ በእናቴ ቋንቋ።

ሰኞ፣ አመሻሽ፣ ፍራይደይ ሃርበር

በሞተር ገባን። ወደቡ ላይ አንድ ፈረንጅ ሁለቱን አይቶ ደነገጠ፤ ለፖሊስ ኮል ላድርግ ወይ አለ። ዳ. ኖ፣ ኖ፣ ማዕበል ነው፣ የሸራው ብረት ነው የመታን አለ። ጋሽ ተ. እንግሊዝኛ አይሰሙም፤ ይሄ ግን ገባቸው። በእጃቸው ብረቱን አሳዩ። አንድ ላይ ዋሹ። ሰውየው ሲሄድ ተያዩ። ሳቁ! አንዱ አፉን፣ አንዱ ጎኑን ይዞ። ዳ. ወድቆ ጉልበታቸውን ሳመ፤ አነሱት፤ ተላቀሱ።

አሁን ዓሣ እየጠበሱ ነው። ስለ አንድ የድሮ ጎረቤታቸው ያወራሉ። ደስ ሊለኝ አይገባም? ሊያ ታች አልጋዋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። አባቷ ነይ ዓሣ ብዪ ሲላት «አይም ኦኬ» አለች፤ አልወጣችም። ቀስ ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ፣ ቤት ስንገባም በእኛ ላይ እንደዚያ ያደርጋል ወይ ብላ። አያደርግም ልላት አፌን ከፈትኩ። አልወጣልኝም።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 12፣ ጠዋት

ነፋስ የለም። ልንነሳ ነበር። ዳ. ሊያን ገመዱን ያዢልኝ አላት። እጇን ከኋላዋ ደበቀች። ደገመላት። «አልይዝም» አለችው በአማርኛ፤ በአማርኛ መልሳለት አታውቅም። እጁ ተነሳ። አልመታትም። አየር ላይ ቆይቶ ወረደ። ጋሽ ተ. ከወዲያ፣ ልጅን እንዲህ ማስለመድ ጥሩ አይደለም፣ አሉ።

በቃኝ።

ጽጌን ኮል አደረግኳት፣ ሬኒየር ቫሊ ያለችውን ጓደኛዬን። አናኮርተስ መጥታ ከፌሪው፣ ከመንገደኛው መርከብ፣ ትቀበለናለች። ለስንት ቀን ነው አለችኝ። ኬንት አልመለስም አልኳት። እንደማልመለስ ያወቅኩት ስናገረው ነው።

ለዳ. ነገርኩት። ሳቀ። «ታረቅን እኮ! አለቀ እኮ!»

«እናንተ ታርቃችኋል» አልኩት። «ሊያን የጠየቃት የለም።»

ሐኪም ጋ ሂድ፣ ጋሼንም ውሰዳቸው አልኩት። ጀልባዋን ሁለቱ ይመልሷት።

ሰልፍ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ሊያ ቦርሳዋን አንግታ ከፊቴ ቆማለች፤ ወደ ኋላ አትዞርም። ፌሪው አፉን ከፍቷል። ሰው መግባት ጀመረ። ዳ. ጎኑን ይዞ ከወደቡ ጫፍ እየመጣ ነው፣ ስም ይጠራል፣ የእኔን ይሁን የሊያን አልለየሁትም። ደብተሬን ዘግቼ ሊያን ተከትዬ ልገባ ነው።