የአባትሽ መነጽርና የእኔ ራስ ምታት

ይድረስ ለልጄ ለሞልቱ፤

እንደምን ከርመሻል ልጄ? ባልሽ ነገሪስ እንዴት ነው? የልጅ ልጄ ኤሌኒ ጥርስ አወጣች ወይስ አሁንም በድዷ ነው የምትስቀው? የአሰብ ሙቀት ትንሽ በረደላችሁ ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ የምለው ለወጉ ያህል አይደለም፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም እውነት መሆኑን ላስረዳሽ ብዬ ነው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ቀን አልጻፍሽበትም፤ እኔ እንዲህ አድርጌ አላስተማርኩሽም። ራሴን እያመመኝ የመሠረተ ትምህርት ሴቶችን እንደማስተምር አጎትሽ ዲንሳ አስጽፎ ልኮልሻል። አንቺም ማስተማሩን እንድተው፣ አለዚያ በታኅሣሥ ነገሪ መጥቶ ወደ አሰብ እንደሚወስደኝ ነገርሽኝ። ነገሪ ሊጠይቀኝ ከሆነ ቤቱ ቤቱ ነው። እኔን ይዞ ሊሄድ ከሆነ ግን በከንቱ አይድከም።

ሕመሙ የጀመረኝ ከመስከረም ወዲህ ነው። ከሰዓት በኋላ የቀበሌው አዳራሽ ገብቼ መጽሐፉን ስገልጥ ከቅንድቤ በላይ ይወጥረኝና ትምህርቱ እስኪያልቅ ይጠዘጥዘኛል። ጎረቤታችን እማዋይሽ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችኝ፣ በአፍንጫዬም አስገባችልኝ። አስነጠሰኝ፣ አላበኝ፣ ተኛሁ፤ በማግስቱ መጽሐፉን ስገልጥ ያው ተመልሶ መጣ። እማዋይሽም ምቹ ሥር ሰዶ ነው እንጂ ቅጠሌስ ምንም አይወጣላት አለችኝ። ዲንሳ ደግሞ የከሰል ጭስ ነው አለ። በዚህስ አልፈርድበትም፤ በር ዘግቼ ከሰል እሞቅ ስለነበር ጠዋት ጠዋት ያዞረኝ ነበር፤ ከሰሉን ከቤት ሳወጣ ማዞሩ ተወኝ። የአዳራሹ ሕመም ግን እንዳለ ቆየ።

ከዚያ ወደ ክኒን ዞርኩ። ከዑስማን ሱቅ እየገዛሁ ጠዋትና ማታ መዋጥ ያዝኩ። መጀመሪያ አሻለኝ። እያደር ግን መጽሐፍ ሳልነካ፣ ገና ከእንቅልፌ ስነሣ ያመኝ ጀመር። ዑስማን ራሱ፣ «እማማ፣ ይኼ ከረሜላ መሰለዎት እንዴ?» ብሎ አልሸጥም አለኝ። ዲንሳ ላንቺ ያስጻፈው ያን ሰሞን ነው። ያም አልበቃ ብሎት የጠመኔ ሣጥኔን ቤቱ ወሰደና ለትምህርት ኮሚቴው እኅቴ ታማለች ብሎ ተናገረ። ክፍሉም ተዘጋ።

ጥቂት ቀን እንደተኛሁ የአብደላ ሚስት ዙሌካ፣ ያቺ በርበሬ ነጋዴዋ፣ ሌሎቹን ሴቶች አስከትላ መጣች። መጽሐፋቸውን በጉያቸው ይዘዋል። እርስዎ አይዩ፣ እኛ እናንብብ፣ እርስዎ ይስሙን አለችኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ሰማኋቸው፤ የሳቱትንም አንድ ሳላስቀር አረምኩ። አንብበው እስኪጨርሱ ያ የቅንድቤ ውጥረት አልመጣም። ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ የሚያሳምመኝ ማስተማሩ ሳይሆን ማየቱ ኖሯል።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የደም ግፊቴን ለክተው ትንሽ ከፍ ብሏልና ጨው ይቀንሱ፣ ራስዎን የሚያምዎት ግን ከዚህ አይመስለንም አሉኝና ወደ ዓይን ሐኪም ላኩኝ። ሐኪሙ መነጽሬን አገላብጦ አየና የማን ነው ብሎ ጠየቀኝ። የሟቹ ባለቤቴ ነው አልኩት። የእኔው በጳጉሜን ተረግጦ ሲሰበር ፊደል ካጎላልኝ ምን ቸገረኝ ብዬ የአባትሽን ከሣጥን አውጥቼ ነበር። ሐኪሙ ሳቀና፣ «እማማ፣ እስካሁን በባልዎ ዓይን ነዋ የሚያዩት» አለኝ። እኔም፣ እሱ በሕይወት ሳለ አንድም ቀን በእኔ ዓይን አይቶልኝ አያውቅም ነበር አልኩት።

አሁን በዓይኔ ልክ የተሠራ መነጽር አድርጌያለሁ። ክኒኑንም ሐኪሙ ያቁሙ ስላለኝ አቆምኩ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ባሰብኝ፤ ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት፤ ከዚያ ለቀቀኝ።

ወዳንቺ ልምጣ። አንቺም ራስሽን እንደሚያምሽና በየጠዋቱ ክኒን ውጠሽ ቢሮ እንደምትገቢ ከደብዳቤሽ ግርጌ እንደ ዋዛ ጣል አድርገሻል። እኔን ልትገሥጪ ተነሥተሽ የራስሽን እንዲህ ማቃለልሽ አስቆጥቶኛል። በዚያ ሙቀት እስኪጠማሽ ሳትጠብቂ ውሃ ጠጪ። ቁርስ ሳትበዪ ከቤት አትውጪ። ጸጉርሽን ግንባርሽ እስኪወጠር አጥብቀሽ አትሠሪው። የጽሕፈት መኪናው ላይ አንገትሽን ደፍተሽ አትዋዪ፤ እየተነሣሽ ተንቀሳቀሺ። ክኒን አልፎ አልፎ ይዋጣል እንጂ የዕለት ቀለብ አይደረግም። ትኩሳት ከጨመረበት ደምሽን ለወባ ተመርመሪ። ድንገት ጠንቶ ከጣለሽ፣ አንገትሽ አልታጠፍ ካለሽ፣ ዓይንሽን ከጋረደሽ ወይም እጅ እግርሽ ከደነዘዘ ግን ለእኔ ደብዳቤ አትጻፊ፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ሂጂ።

ሴቶቹ የሚፈተኑት በጥር ነው። ተፈትነው እስኪያልፉ ከዚህ አልነቃነቅም፤ ካለፉም በኋላ ተከታዩን ክፍል እጀምራለሁ።

ትናንት ዲንሳ የጠመኔ ሣጥኑን በብብቱ ይዞ መጣ። ወዲያ ወዲህ ሲል ቆየና የአባትሽ መነጽር ሥራ ከፈታ ለእሱ እንድሰጠው ጠየቀኝ። ምን ሊያደርግልህ ብለው፣ ከእንግዲህ ለሞልቱ የምልከውን ሰው ለምኜ አላስጽፍም አለኝ። መነጽሩን አልሰጠሁትም። ሰኞ እኔው ራሱን ዲንሳን ይዤ ዓይን ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ፤ ማክሰኞ ክፍሉ ሲከፈት ተማሪ ሆኖ ይገባል። ቦታው ከዙሌካ ኋላ ነው፤ እሷም ከወዲሁ፣ አባባ ዲንሳ ሲያጠፉ እኔ ነኝ የማርማቸው እያለች ነው።

ነገሪን አክባሪህ አማትህ ሰላም ብላሃለች በዪልኝ። ኤሌኒን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። እማዋይሽ ሰላም ብላሻለች፤ የደረቀ ዳማከሴ ልላክላት ትላለች፤ ደስ እንዲላት ተቀበያት። ዑስማንና ዙሌካም ሰላም ይሉሻል። የአጎትሽን የዲንሳን ሰላምታ ግን እዚህ አልጻፍኩም፤ በራሱ እጅ ይጽፍልሻል።

እናትሽ ገዲሴ ፈየራ
ነፋስ ስልክ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር ፲፰ ቀን ፲፱፻፸፫ ዓ.ም.