ሊያ ለምን አትቀመጥም?

ማክሰኞ፣ የካቲት 3፣ ማታ

ገባሁ። ቃሊቲ መንገዱ ሲኖትራክ በሲኖትራክ ነው፤ ግማሹን በእግሬ መጣሁ። ማስታወሻዬ፣ ዛሬ ካንተ ጋር ብዙ አልቆይም። ለቅዳሜ የሬዲዮ ድራማው ይጠበቅብኛል። ቀን መጋዘን ዕቃ አስረካቢ፣ ማታ የጠፈር ደራሲ። ኑሮዬ ይኸው ነው።

ፕሮዲዩሰሩ ዳዊት ደውሎ ነበር። አድማጮች ስለ ሊያ እየጠየቁ ነው አለ። ሊያ «ጮራ» በምትባለው የጠፈር መርከቤ ላይ የምትሠራ ሰው መሳይ ሮቦት ናት። መርከቧ ከጨረቃ ጨረቃ ጭነት ታመላልሳለች። ካፒቴኑ ይዋጋል፣ ሊያ ታበስላለች፣ ትጠግናለች። ካፒቴኑ ተቀመጪ ባላት ቁጥር እዚሁ ይሻለኛል ትላለች። ድራማው ከተጀመረ አንድም ቀን ተቀምጣ አታውቅም። ለምን? የኋላ ታሪኳን ጻፍ ተባልኩ።

እኔስ መቼ አውቃለሁ። እንዲሁ ነው የመጣልኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ጻፍኩት! አንዴ ቁጭ ብዬ።

ሊያን ያመጧት የካፒቴኑ እናት ናቸው፣ እሱ ሳይወለድ። አዝላ አሳደገችው። ኋላ እናትየው ሞቱ። የመርከቧ ሰው ሁሉ ለቅሶ ተቀመጠ። የየጨረቃው ሰው እየመጣ ካፒቴኑን «እግዜር ያጥናህ» ይላል፣ አባትየውን ያጽናናል፣ ከሊያ እጅ ሻይ ይቀበላል። እሷን ያጽናና የለም። ሮቦት ማን ያጽናናል? ሞተር ክፍል ትገባለች፤ ድምፅ እንዳይወጣ የሻሿን ጫፍ ነክሳ ታለቅሳለች። ፊቷን ጠርጋ ትመለሳለች፣ ሻይ ትቀዳለች። ፍራሹ ላይ ለሷ የሚሆን ቦታ አልነበረም። ከዚያን ቀን ወዲህ አትቀመጥም።

ለዳዊት በስልክ አነበብኩለት። ከየት አመጣኸው አለኝ። ከጭንቅላቴ አልኩት። ኮራሁ፣ አልዋሽህም።

ጥሩዬ ራት አቀረበች። አብረን እንብላ አልኳት። በኋላ እበላለሁ ብላ ወደ ጓዳ ተመለሰች።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

ተላለፈ። ከሰዓት፣ እንደ ወትሮው። ባለሱቁ ሸምሱ የሱቁን ሬዲዮ ከፍ አድርጎታል፤ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል። እኛም በረንዳ ላይ ነን። አባባ ወንበራቸው ላይ፣ እኔ ደረጃው ላይ፣ ጥሩዬ ግድግዳውን ተደግፋ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅማለች።

ሻሹ ጋ ሲደርስ እጇ ቆመ።

ያኔ ገባኝ። ያኔ ብቻ! የጻፍኩት ማንን እንደሆነ። እሷ እስከ መጨረሻው ሰማች። ሰፌዷን አንሥታ ገባች።

አባባ እነዚያ የካፒቴኑ ቤተሰቦች ምን ዓይነት ጨካኞች ናቸው አሉ። ቀጥለው ጥሩዬን ተጣርተው ውሃ ጠየቋት።

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

እሑድ፣ የካቲት 8

ካንተስ ምን እደብቃለሁ። ጥሩዬን እማዬ ናት ከአገር ቤት ያመጣቻት፣ እኔ ሳልወለድ። በጀርባዋ ነው ያደግሁት። ሠራተኛ ማለት እኛ ቤት ነውር ነው፤ ልጃችን ናት ነው የሚባለው። ልጃችን ጓዳ ትተኛለች። ልጃችን ከሁሉ በኋላ ትበላለች።

እማዬ የሞተች ጊዜ እድሩ ድንኳን ጣለ፣ እኔና አባባ ፍራሽ ላይ ተቀመጥን። ሰዉ እኛን ያጽናናል። ጥሩዬ ሻይ ታዞራለች። ከእማዬ ጋር የኖረችው ከሁላችንም በላይ እሷ ነበረች። ውሃ ልጠጣ ብዬ ጓዳ ብቅ ስል ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች፣ የሻሿ ጫፍ አፏ ውስጥ። በእግሬ ጣት ተመለስኩ።

አላየሁም ብል ይቀለኝ ነበር። አይቻለሁ። አይቼ፣ ሁለት ዓመት አስቀምጬ፣ ለሮቦት ሰጠሁት።

ስልኬ መልእክት በመልእክት ሆኗል። ልብ ይነካል፣ አስለቀስከን፣ እጅህ ይባረክ። እያንዳንዱ ጥፊ ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 11

የእማዬ ሁለተኛ ሙት ዓመት ደርሷል። አሰብኩበት። ያን ቀን ጥሩዬ ከአባባ ጎን ትቀመጣለች፣ ሻይ የማዞረው እኔ፣ እግዜር ያጥናሽ የምላትም እኔ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ደስ አለኝ። ቸኩዬ ነገርኳት። ልብስ እያሰጣች ነበር።

«ይኼንንም በሬዲዮ ልታስነግረው ነው?» አለችኝ።

አንድ አንሶላ አሰጣች። ከዚያ ፊቷን ሳታዞር፣ «ሮቦት ማድረግህ አይደለም የከፋኝ። ልጅ ነው፣ ሐዘን ላይ ነው፣ አላየኝም እል ነበር። ለዚህ ነው ያልተቀየምኩህ። ለካ አይተኸኛል» አለች።

ባዶውን ቅርጫት አንሥታ አለፈችኝ። እኔ አንሶላው ሥር እንደቆምኩ ቀረሁ። ሸምሱ ከአጥሩ ማዶ ቀጣዩ ክፍል መቼ ነው ይለኛል። እሺ አልኩት፣ ምን እሺ እንደሆነ እንጃ።

ዓርብ፣ የካቲት 13

ዳዊት ለነገው ሊያ ይቅር ትበል አለ። የካፒቴኑ ወንበር ላይ ትቀመጥ፣ ሙዚቃ ይግባ፣ ሰው ያልቅስ። አልጽፍም አልኩት። ታዲያ ምን ትሁን አለ። የምትሆነውን እኔ አላውቅም፣ ሌላ ሰው አስጽፍ አልኩት። አበድክ እንዴ ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ይዝጋ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 14፣ ረፋድ

አባባ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። ቤቱ ውስጥ እኔና እሷ ብቻ። ጓዳ ገባሁ። ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ቆማ።

«ጥሩዬ፣ እግዜር ያጥናሽ» አልኳት። ከሁለት ዓመት በኋላ። ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ።

ቢላዋውን አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ያጥናን» አለች። ከዚያ ስለ እማዬ ማውራት ጀመረች፤ እኔ ሳልወለድ ስለነበረችው እማዬ። ግማሹን ሰምቼው አላውቅም። አልተቀመጠችም፣ እኔም ቆሜ ሰማሁ። እያለቀሰች ነው፣ ሻሿ ግን ራሷ ላይ ነው።

ታምነኛለህ? እዚያው ቆሜ፣ እዚያው እያለቀስኩ፣ ይቺ ጥሩ ትሆናለች አልኩ በሆዴ። ለድራማው። አንገቴን ደፋሁ።

ሁሉንም አስታውሰዋለሁ፣ ቃል በቃል። እስክሪብቶው እጄ ላይ ነው። ማስታወሻዬ፣ አትቀየመኝ፤ ያለችኝን ላንተም አልጽፍልህም።