ውሻው ከተገደለ በኋላ

ይድረስ ለውድ እህቴ ለዱሬቲ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ያ የጉልበትሽ ሕመም ተሻለሽ ወይ? የምትሠሪበት ቤት ሰዎች ዐርብ ዐርብ ማረፍ ፈቀዱልሽ ወይስ እንደ በፊቱ ነው? የኩዌት ሙቀትስ በረድ አለ? እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ሁላችንም በሕይወት አለን። ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብንም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ውሸት ይሆንብኛል።

የሆነውን በስልክ ያልነገርኩሽ፣ በደወልሽ ቁጥር እማዬ ስልኩን ከእጄ ተቀብላ "ደህና ነኝ፣ አንቺ ብቻ ደህና ሁኚልኝ" ብላ ስለምትዘጋው ነው። ስለዚህ ወደዚያ ለምትመለሰው ለጎረቤታችን ለአሚራ ይህን ደብዳቤ አስይዣታለሁ። ረጋ ብለሽ አንብቢው። እማዬ ትበላለች፣ በምርኩዝም ቢሆን ትሄዳለች። ይህን አስቀድመሽ እወቂ።

እማዬን ውሻ ነከሳት። ውሻው የጎበና ነው። ጎበናን ታውቂዋለሽ፣ ከእኛ ሦስተኛው ግቢ ያለው፣ አስፋልቱ ዳር ሆቴል የከፈተው ነው። አንቺ ከሄድሽ በኋላ አጥሩን ከፍ አደረገና ጥጃ የሚያካክሉ ሁለት ውሾች አመጣ። ሌባ በዝቷልና በዚህ ማንም አልተቀየመውም። ነገር ግን የራሱ ግቢ እንዳይቆሽሽበት ጎህ ሲቀድ በሩን ከፍቶ ይለቃቸዋል። እነሱም በየሰው ደጃፍ ተጸዳድተው፣ ባጃጅ አባረው፣ ተማሪ በትነው ሲበቃቸው ይመለሳሉ። አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቁሜ ለምን እንደማያስራቸው ብጠይቀው የመኪናውን መስታወት ዝቅ አድርጎ ሳቀና "ጋሽ ያደታ፣ የእኔ ውሾች ሰው አይነክሱም፤ የሚያውቁት ሌባ ብቻ ነው" አለኝ። ለቀበሌው ሰውም አመለከትኩ። ሰው የነከሱ ቀን እንድመለስ ነገረኝ።

ጎበና ብቻውን ቢሆን ይህን ያህል አልናደድም ነበር። በዚህ ከተማ ውሻ ማሳደግ ማለት ማብላትና መልቀቅ ሆኗል። ሰው ለውሻው ሥጋ መግዛት ያኮራዋል፤ ሰንሰለት መግዛት ግን እንደ ውርደት ነው። ማስከተቡንማ ማን አስቦት። ልጅ ሲጮህ "አትሩጥ፣ ስለሮጥክ ነው" ይሉታል። ጥፋቱ ሁልጊዜ የሯጩ እንጂ የአባራሪው አይደለም።

እማዬ እንደ ልማዷ ኪዳን ለማድረስ ወጥታ ሳለ ትልቁ ውሻ ባቷን ያዛት። ዱላ ይዞ ሮጦ ያስለቀቃት የጎበና ዘበኛ ጫምሳ ነው፤ ከወለንጪቲ ገጠር የመጣ ዝምተኛ ሰው። በኦሮምኛ "ሃዳ ኮ" እያለ እንደ እናቱ ነው የሚጠራት። እሷም ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሻይ ሳትልክለት አትውልም። ያን ዕለትም እሱ ተሸክሞ አመጣልኝ። ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ደጋግሜ ሳጥበው "ምነው፣ ነጠላ አደረግከኝ እንዴ?" ብላ ተቆጣችኝ። ወደ ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት ግን እምቢ አለች። "ቡልቡላ ለውሻ ንክሻ ሥር የሚሰጥ ሰው አለ፣ እናቴም ከዚያ ጠጥታ ነው የዳነችው፣ መርፌ አልፈልግም" አለች። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ በሽታው አንዴ ከተነሣ መድኃኒት እንደሌለው አስረዳሁ። "አንተ ተምረሃል፣ እኔ ደግሞ ኖሬአለሁ" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ከሰዓት በኋላ ጎበና ሽማግሌ ይዞ መጣ። ሐጂ ኑሬና የእድሩ ዳኛ ነበሩ። ጫምሳም እጁን በጋቢው ሸፍኖ በሩ አጠገብ ቆሟል። ጎበና እግሯ ላይ ወደቀና "እማማ ዘርፉ፣ ውሻውን አስገድዬዋለሁ፤ ካሣ ይሁንልኝ" አለ። ሽማግሌዎቹ "ወግ ነው፣ ደግ አደረግህ" አሉት። እማዬም "ተነሥ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ" አለችው። በአገራችን ወግ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። እኔ ግን ራሴን ያዝኩ። ዱሬቲ፣ ያ ውሻ መታሰር እንጂ መገደል አልነበረበትም። ታስሮ ቢጠበቅና ደህና ቢሆን እማዬም ደህና መሆኗ ይታወቅ ነበር። መሞቱ ካልቀረ እንኳ አንጎሉ ቢመረመር በሽታው ይታወቃል። የት ጣልከው ስለው ገደል አለኝ። በማግሥቱ ብሄድ ጅብ ጨርሶታል። ያገኘሁት ሰንሰለት ገብቶበት የማያውቅ የአንገቱን ቀበቶ ብቻ ነው።

ወደዚያው ቀን ልመልስሽ። ሐጂ ኑሬ ውሻው ሌላ ሰው ነክሶ እንደሆነ ጠየቁ። ጎበና "በጭራሽ" አለ። ያን ጊዜ እማዬ ከተኛችበት ቀና አለችና "ጫምሳ፣ እጅህን ምን ሆነህ ነው የሸፈንከው?" አለችው።

"በር ያዘኝ፣ ሃዳ ኮ" አላት።

"በር ጥርስ አለው እንዴ? ና እስቲ ቅረብ።"

ጋቢውን ራሷ ገለጠችው። ንክሻው የቆየ ነው፣ ከእሷ ብዙ ቀን ይቀድማል። ጎበና ሎሚ አሽቶበት ለማንም እንዳይናገር አስጠንቅቆታል። ሰውዬውም እንጀራውን ፈርቶ ዝም ብሏል። እኔ እስከ ዛሬ ውሻው የተገደለው ለካሣ ሳይሆን ለመደበቂያ ነው ባይ ነኝ። እማዬ ደግሞ "ፈርቶ ነው፣ ሰው ሲፈራ እንዲህ ያደርጋል" ትላለች። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ የዚያን ቀን ነገሩ ወዲያው ገባት። "ጎበና፣ እርቁ የሚጸናው ይህ ሰው ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ነው" አለችው። ጎበናም ቡልቡላ ልትሄድ ማሰቧን ሰምቶ ኖሮ "ሥሩን እሱም ይጠጣ፣ እኔ ሁለታችሁንም ቡልቡላ አደርሳችኋለሁ" አላት። እማዬ ጫምሳን አየችው። የሦስት ልጆች አባት ነው። ወደ እኔም ዞረችና "አንተ የምትለው መርፌ ለሱም ይደርሳል?" አለችኝ። ይደርሳል አልኳት። "እንግዲያው ነጠላዬን አምጡልኝ፤ እኔ ካልሄድኩ እሱ አይሄድም" አለች። እኔ ስለ ራሷ ሕይወት ስለምናት ያልሰማችኝ ሴት፣ ስለ ሌላ ሰው ስትል ባጃጅ ላይ ወጣች።

ሁለቱም ጀመሩ። ለጫምሳ ዘግይቷል፣ ቢሆንም ይወጋ፣ ከዚያ በኋላ ያለው የፈጣሪ ነው አለችን ሐኪሟ።

ለሁለተኛው መርፌ ስንዘጋጅ ጫምሳ ቀረ። ለካ ጎበና በሽማግሌ ፊት አዋረድከኝ ብሎ አባርሮታል። እማዬ ባጃጁ ደጅ ቆሞ እያለ "ጫምሳ የታለ?" ብላ ከአልጋዋ አልነሣም አለች። ወለንጪቲ ሄጄ ከገበያው ዳር ጆንያ ሲያወርድ አገኘሁት። ለምን ቀረህ ብዬ ብጠይቀው "ጋሼ፣ መርፌው አዳማ ነው፤ የት አድሬ ልወጋ?" አለኝ። ይዤው መጣሁ።

አሁን ጫምሳ የሚያድረው አንቺ ስትመለሺ እገባበታለሁ ብለሽ ባሠራሽው ክፍል ነው። ያለ ፈቃድሽ ከፍቼዋለሁ፤ ጊዜ አልነበረኝም። ሣጥኖችሽን ወደ እኔ ክፍል አግብቻቸዋለሁ፣ አልጋሽንም በሌላ አንሶላ አልብሰነዋል። መርፌያቸውን በየቀጠሮው እየተወጉ ነው፤ የቀራቸው ጥቂት ነው። ማታ ማታ ጫምሳ ውሃ ሲጠጣ እማዬ ሳታስነቃ ታየዋለች። ውሃ መፍራት የበሽታው ምልክት መሆኑን የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ባልነገርኳት ይሻል ነበር። እስካሁን ይጠጣል።

ባለፈው እሑድ ጎበና እነዚያኑ ሽማግሌዎች ይዞ ተመለሰ። ሁለተኛውን ውሻ አስሮታል፣ አስከትቦታልም፤ የሠራውን አልክድበትም። "እማማ ተቀይመውኛል አሉ" ብሎ ደጅ ቆመ። እማዬ እንዲህ አለችው፦ "የእኔን እግር ይቅር ብዬሃለሁ፣ አልመልሰውም። የጫምሳን እጅ ግን እኔ ይቅር ልልህ አልችልም፤ የእኔ አይደለም። እሱ ያለው እዚያ ነው።" በምርኩዟም ያንቺን ክፍል አሳየችው። ሐጂ ኑሬ ጫማቸውን አስተካክለው ወደ ክፍሉ አብረውት ሊሄዱ ተነሡ። ጎበና ግን የራሱን ዘበኛ በር ለማንኳኳት አልቻለም። ግቢው መሐል ጥቂት ቆሞ ወጥቶ ሄደ። ሽማግሌዎቹ አልተከተሉትም፤ ተመልሰው እኛ ዘንድ ተቀመጡ።

ጎበና ወደ አንቺ መደወሉ አይቀርም፤ ራሱን እንደ ታናሽ ወንድምሽ ቆጥሮ እናትሽን አለሳልሺልኝ ይልሻል። የእማዬ ቃል ያው እንደሆነ ንገሪው። ስለ ክፍሉ ደግሞ ፈቃድሽን አሳውቂኝ። እማዬ "ቤቱ የዱሬቲ ነው፣ እሷ እምቢ ካለች ከእኔ ጋር ይተኛል" ብላለች፤ እንደምታደርገውም ታውቂያለሽ።

ባለቤቴ ሻሼ በብርቱ ናፍቆት ሰላም ብላሻለች። ሜቲ ፈተናዋን አልፋለች፣ አክስቴን ሳሙልኝ ብላለች። ሐጂ ኑሬ በዱዓ እንደማይረሱሽ ንገርልኝ ብለውኛል። እማዬ ይህን ደብዳቤ እንደምጽፍ አታውቅም፣ ስለዚህ የእሷን ሰላምታ በስልክ ከራሷ ተቀበዪ። ጫምሳም አይቶሽ ለማያውቅሽ ለአንቺ "ገለቶሚ" ብሎ ምስጋናውን ልኳል።

ወንድምሽ ያደታ

አዳማ፣ ኅዳር ፲፰ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.