«አድራሽ» የሚለውን ቃል ያገኙት የጋሽ ይታረም የሕይወት ታሪክ

ጋሽ ይታረም ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከስልክ ቤት ሠራተኛ እናታቸው፣ ከአባታቸው ሱቅ ጀርባ ባለችው አንዲት ክፍል በ1955 ዓ.ም. ተወለዱ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን ስም ከመታወቂያቸው በስተቀር የሚያስታውሰው የለም። ቅጽል ስማቸውን ያገኙት በተማሪነታቸው የርዕሰ መምህሩን ማስታወቂያ በቀይ እስክርቢቶ አርመው፣ ከሥሩ «ይታረም» ብለው በመጻፋቸው ነው። ርዕሰ መምህሩ በጣም ቢቆጡም፣ እርማቱ ልክ ስለነበር ቅጣቱን በግማሽ ቀንሰውላቸዋል።

በቋንቋ ጥናት ከተመረቁ በኋላ በማተሚያ ቤት አራሚነት አገልግለዋል። በ1988 ዓ.ም. ደግሞ በራሳችን ቋንቋ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ እንዲቻል የሚሠራ ተቋም የቃላት ባለሙያ አድርጎ ቀጠራቸው። ሰው የጻፈውን ትእዛዝ ማሽኑ ወደሚገባው የሚለውጠውን ኮምፓይለር የሚሠሩት፣ ያኔ ገና ያልተጋቧቸው መሐንዲስ፣ ዛሬ በሐዘን መካከላችን የተቀመጡት ባለቤታቸው ነበሩ።

በኮምፒውተሩ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ዕቃውን ራሱን ሳይሆን ዕቃው የተቀመጠበትን ቦታ የሚይዝ ነገር አለ። ያ ነገር ስም ያስፈልገው ነበር። ጋሽ ይታረም ሳያመነቱ «ጠቋሚ» አሉ። መሐንዲሷ እጃቸውን ከማሽኑ ላይ አነሡ።

«አባቴን ያሳሰራቸው ጠቋሚ ነው። እኔ በእጄ ይህን ቃል አልጽፍም» አሏቸው።

ጋሽ ይታረም በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳቸውን ቃል «ይታረም» አሉ።

ቀጥሎ «መሪ» የሚለው ተሞከረ። የተቋሙ ዳይሬክተር ሥራውን ሊጎበኙ በመጡ ዕለት ማሽኑ «ስሕተት፦ መሪው የትም አያመራም» ብሎ ጻፈ። ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው ደግመው አነበቡት።

«ይሄ ስለ እኔ ነው?»

«ኧረ በጭራሽ ጌታዬ፣ ስለ ማሽኑ ነው!» ቢባሉም፣ ቃሉ ከምሳ በፊት ተሰረዘ።

ሦስተኛው «አመልካች» ነበር። ፕሮግራሙ በአንድ የመታወቂያ ጽሕፈት ቤት ለሙከራ በተተከለ ማግስት፣ ጸሐፊው ከፊታቸው ለቆሙት አዛውንት «እማማ፣ አመልካቹ ባዶ ነው ይላል፤ ይሂዱ» አሏቸው። «እኔ ነኝ ባዶ? ያን ሁሉ ልጅ ወልጄ አሳድጌ?» ብለው ጮኹ፤ ሰልፈኛውም አብሯቸው ጮኸ። ዳይሬክተሩ እስከ ሰኞ ቃል ካልተገኘ ሥራው እንደሚዘጋ አስታወቁ።

ጋሽ ይታረም ቅዳሜ ዕለት ሊለቁ መወሰናቸውን ለመንገር ወደ መሐንዲሷ ቤት ሄዱ። ሰፈሩ ጠመዝማዛ ስለነበር አድራሻውን በእጃቸው ይዘው ሁለት ጊዜ የሰው ግቢ ገብተዋል፤ አንደኛው ጋ ውሻ ሱሪያቸውን ቀዶባቸዋል። የመጡበትን ተናግረው ተሰናብተው ሲወጡ፣ በረንዳ ላይ የተቀመጡት የመሐንዲሷ አባት ልጃቸውን ተጣሩ።

«አንቺ ልጅ፣ እንግዳው ሲመጣም ጠፍቶ ነው የመጣው። አድራሻ ብቻውን ምን ያደርግለታል? አድራሽ ነው የሚያስፈልገው። ተነሺና አድርሺው!»

ጋሽ ይታረም አንድ እግራቸው ከደጃፉ ውጭ እንደሆነ ቆመው ቀሩ። ከዚያ ተመልሰው የሽማግሌውን እጅ ያዙና «አባቴ፣ ስፈልጋት የኖርኳትን ሰጡኝ!» አሉ።

ሽማግሌው ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ መሰላቸው። «እሷ ካለች እኔ ምን እላለሁ?» ብለው መለሱ። ጋሽ ይታረም በሕይወታቸው አይተው ያላረሙት ስሕተት ይህ ብቻ ነው።

ሰኞ «አድራሽ» ኮምፓይለሩ ውስጥ ገባ፤ ሥራውም ዳነ። ዕቃው ከተነሣ በኋላ ባዶውን ቦታ ይዞ የሚቀረውን አድራሽ ግን ስም ያወጡለት መሐንዲሷ ናቸው። እሳቸው ሥራ ላይ ሳሉ እቤታቸው እየመጡ በረንዳ ላይ የሚጠብቋቸውን ጋሽ ይታረምን አይተው «ደጅ ጠኚ» አሉት። በ1990 ዓ.ም. ተጋቡ፤ ሴት ልጅና ወንድ ልጅም ወለዱ።

ከሦስት ዓመት ወዲህ የመርሳት ሕመም ያዛቸውና ቃላት ይሸሿቸው ጀመር። መነጽሩም፣ ማንኪያውም፣ ሐኪሙም «ያ ነገር» ሆነ። አማቻቸውን «ያ ዕቃ» ብለው በጠሯቸው ቀን አማቻቸው ቅር ቢሰኙ፣ ባለቤታቸው «አትቀየም ልጄ፣ እኔ እኮ «ያቺ» ነኝ» ብለው አጽናንተዋቸዋል። «ያንን አምጪልኝ» ሲሏቸው ግን የትኛውን እንደሆነ አንድም ቀን ስተው አያውቁም። በመጨረሻው ጠዋት ባለቤታቸው «ምን ላምጣልህ?» ብለው ጠየቋቸው። ጋሽ ይታረም ቃል ለመፈለግ አልደከሙም፤ የባለቤታቸውን እጅ ያዙ።

ጋሽ ይታረም ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አማቻቸውና ይህን የጻፍነው የእህታቸው ልጆች ቀርተናል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከሩቅ መንገድ ደክሞት እንደ ገባ ሰው ተቀብሎ በመልካም ስፍራ ያኑርልን፤ ባለቤታቸውን እትዬንም ጠዋት ጠዋት የሚይዛቸውን እጅ አያሳጣቸው።