ወላዋይ የተባልኩበት ሳምንት

ረቡዕ
ወላዋይ አለችኝ። በገዛ ቤቴ፣ ልጄ ሰላም እየሰማች። እህቴ ዘነበች ከመካኒሳ ድረስ የመጣችው ለዚህ ነው። «ሰኞ እሺ፣ ማክሰኞ እንቢ! አንቺ ወላዋይ፣ የልጅቷን ሠርግ ልታስቀሪ ነው?»

ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። የወንዱ ወገን ሽማግሌዎች እሁድ መልስ ይፈልጋሉ። እኔ ደግሞ ልጄን ዳንኤልን ከቀበርኩ ገና ሦስት ወር አልሞላኝም። በጥቁር ልብስ ሙሽራ አይሸኝም ይላሉ። ወይ ጥቁሬን አወልቃለሁ፣ ወይ ሠርጉ ለሚመጣው ዓመት ይቆያል።

ሐሙስ
ላፍቶ ሽንኩርት ልገዛ ወጣሁ። ቃሉ አብሮኝ ሄደ፣ አብሮኝ ተመለሰ። ወላዋይ ማለት ልቡ የማይጸና፣ ዛሬ ያለውን ነገ የሚያፈርስ ነው። ለደካማ ይታዘንለታል። ወላዋይ ግን ይናቃል። ቤቱን አንዴ በጭቃ፣ አንዴ በብሎኬት እያለ ሦስት ክረምት በላስቲክ ሥር ያሳለፈውን ጎረቤታችንን እንዲያ ነበር የምንለው። ስቀንበታል።

ጥቁር ሻሼን ፈታሁ። መልሼ አሰርኩ።

ዓርብ
ይህን መጻፍ ከብዶኛል። እጄም በመሠረተ ትምህርት የተማረ ነው፣ ይዘገያል።

ዳንኤልንም እንዲሁ ብዬዋለሁ። መንጃ ፈቃድ ጀምሮ ተወ፣ ልብስ ስፌት ገባ፣ ደግሞ ወደ መኪናው ተመለሰ። «አንተ ወላዋይ!» አልኩት። ሳቀ። «እማዬ፣ ሁለቱንም ስለምወድ እኮ ነው» አለኝ። ታሾፍብኛለህ ብዬ ተቆጣሁ።

እኔም ሁለቱንም ልጆቼን ስለምወድ ነው። አሁን ለማን ልንገረው? በዘነበች ተናድጃለሁ። በሽማግሌዎቹም። ጥሎኝ በሄደው በእሱም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ቅዳሜ
ሰላም ልብስ እያጠበች «እማዬ፣ ይቆይ። እጠብቃለሁ» አለችኝ። ፊቷን አላዞረችም። እሺ ልል ስል ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እሺታዬን ትቼ ከጎኗ ቁጭ ብዬ አብሬያት አጠብኩ።

እሁድ
ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ዘነበች ልታለብሰኝ ነጭ ነጠላ ይዛ ተቀምጣለች።

«ሠርጉ በጥር ይሁን» አልኩ። ዘነበች እልል ልትል ብድግ አለች። «ጥቁሬን ግን አላወልቅም። ልጄን እንዲህ ሆኜ እሸኛታለሁ።»

«ኧረ እታለም፣ ይኼ አልተለመደም» አሉ ትልቁ።

«አውቃለሁ አባባ።»

ተማክረን እንመለሳለን ብለው ወጡ። ዘነበች «አሁን ደግሞ ግትር ሆንሽ!» ብላኝ በሩን ዘጋችው። ሰላም አጠገቤ ተቀምጣ ታለቅሳለች፣ እጄን ግን አለቀቀችም።

እሺ ይበሉ፣ እንቢ ይበሉ አላውቅም። እኔ ቃሌን አላጠፍኩም። ከተናገርኩ እስካሁን ሦስት ሰዓት ሆኖኛል።