ሰገነት የሌለው ሽኝት

ሜይ 7
ዛሬም ሥራ። የጠዋቱን የባርቤዶስ በረራ ጠራሁ። ድምፅ ማጉያው እንደ ልማዱ አስነጠሰ... አንዷ ተሳፋሪ አውሮፕላኑ ደረጃ ላይ ቆማ ወደ መሸኛው ሰገነት ታፈጣለች። ቤተሰቦቿ ጠፍተዋት። "ወይዘሮ ፊሎሜን፣ በግራ በኩል ናቸው፣ ባለ ቀዩ ባርኔጣ ጋ!" አልኳት በማጉያው። ሳቀች፣ እጇን አውለበለበች፣ ገባች። እንዲህ ማለት ክልክል ነው። አለቃዬም ያውቃል። የገዛ እናቱ ስትሄድ ግን ራሱ እንዲህ አስብሎኛል።

አዲሱ ተርሚናል በጁን መጀመሪያ ይከፈታል አሉ። ቀዝቃዛ አየር፣ ተንቀሳቃሽ ደረጃ፣ ሱቅ በሱቅ። ተሳፋሪው በተሸፈነ መተላለፊያ ቀጥታ አውሮፕላኑ ውስጥ። ሰገነት የለውም። በረራ የሚጠራውም የተቀዳ ድምፅ ነው። እኔን መረጃ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡኛል። ይሁን።

ሜይ 11
የልጄ የማሪዝ ቪዛ መጣ። እንግሊዝ፣ ነርስነት። ለአባቷ ራሷ ነገረችው። ባሌ ሴልዊን ማንኪያውን አስቀመጠ... ተነስቶ ወጣ። የዓሣው መረቅ እንዳለ ቀረ።

ሜይ 15
ባሌ እስካሁን ልጁን አላናገራትም። "ጨው ታቀብለኝ በያት" ይለኛል፣ አጠገቡ ተቀምጣ!

ጓሮ ብቻውን ሲያጉረመርም ሰማሁት። "ያንን ማኮብኮቢያ በገዛ እጄ ነው የደለደልኩት።" እውነቱን ነው። ቦታው የኮኮናት ማሳ ነበር። በወጣትነቱ ከሁለት ወንድሞቹ ጋር ጉቶ ነቅሏል፤ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ላም አባሯል። ኋላ ሁለቱም ወንድሞቹ በዚያው ማኮብኮቢያ ሄዱ። አንዱ ፖስት ካርድ ላከ። ሌላው እሱንም አልላከ። ምን ልበለው?

ሜይ 19
ሻንጣ ተሸካሚያችን ኮስሞ አጽናናኝ። "አይዞሽ ዩዶራ፣ ሴልዊን ሰገነቱ ላይ ይወጣልሻል። የተኳረፈ ሁሉ የሚታረቀው እዚያ አይደል?"

ነው። የኛ አገር ሰው ይቅርታ ማለት ሞቱ ነው። ሰገነቱ ላይ ወጥቶ እጁን ያውለበልባል። ተጓዡ ከታች መልሶ ካውለበለበ አለቀ፣ ታረቁ። ቃል አያስፈልግም። ስንቱን አይቻለሁ።

የማሪዝ ትኬት ለሜይ 29 ነው። አሮጌው ተርሚናል ሳይዘጋ። ተመስገን! ይወጣል፣ አውቀዋለሁ። ነጭ ሸሚዙን ተኩሶ ሰቅሎታል... ለማን መሆኑ ነው?

ሜይ 26
ጉድ ፈላ። በረራዋ ወደ ጁን 2 ተዛወረ። ከአዲሱ ተርሚናል!

ለሴልዊን ነገርኩት። "ታዲያ የት ልቆም ነው?" አለኝ።
"አጠገቧ።"
"ምን እያልኩ?"
አሳዘነኝ። አውሎ ነፋስ ጣሪያችንን ሲወስድ ያልደነገጠ ሰው፣ ሁለት ቃል ፈርቶ ቁጭ አለ። "አልመጣም" ብሎ ሸሚዙን ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተው።

ሜይ 31
የአሮጌው ተርሚናል የመጨረሻ በረራ። ሰገነቱ ሞልቶ ፈሰሰ። የሚሸኘው ዘመድ የሌለው እንኳ ያውለበልባል። ጠርቼ ስጨርስ አለቀስኩ... ማጉያው ለካ ክፍት ነበር። ሁሉም ሰማኝ። "ዩዶራ፣ ጉንፋን ነው ወይስ ፍቅር?" አለኝ ኮስሞ። ይህ ባለጌ።

ጁን 2
ሄደች።

እንዴት ልጻፈው... እኔና ማሪዝ ሰልፍ ላይ ነን። ድንገት ሴልዊን መጣ። የእርሻ ልብሱን እንደለበሰ፣ የጫማው ጭቃ አዲሱን ወለል እያበላሸ። ሻንጣዋን ከእጇ ወሰደ። ሰልፉ በተራመደ ቁጥር ይጎትታል። መስታወቱ በር ጋ ስንደርስ ጥበቃዋ አስቆመችው።
"አባባ፣ ከዚህ በኋላ ተሳፋሪ ብቻ ነው።"
"ልጄ ናት።"
"ገብቶኛል አባባ፣ ግን..."
"ልጄ ናት እኮ ነው የምልሽ!" አዳራሹ ሁሉ ዞረ። እሱም ወደ ማሪዝ ዞረ። "ልጄ ነሽ። ከፍቶኛል። ግን ሂጂ። ብቻ እንደ አጎቶችሽ እንዳትሆኚብኝ፤ አልችለውም።"
አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። "አልሆንም አባዬ... አልሆንም።" ጥበቃዋ ፊቷን አዞረች።

እኔስ ምን አልኩ? "ፓስፖርትሽን ይዘሻል?" ይኸው ነው። ተሳሳምን፣ በሩ ተዘጋ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው በአፌ ስሸኝ የኖርኩ ሴትዮ!

ጁን 10
እሑድ። ማሪዝ ደወለች። ሴልዊን ስልኩን ይዞ ስለ ዶሮዎቹ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤት ፍየል... ምን በላሽ፣ ብርዱስ እንዴት ነው? እንዲህ ሲያወራ አይቼው አላውቅም። ለኔ "ደህና ነሽ?" ለማለት ያህል ብቻ ተረፈኝ።

ሥራ ቦታ መጸዳጃ ቤት እጠቁማለሁ። የተቀዳችው ሴትዮ ከጣሪያ ትናገራለች። ድምጿ ያምራል፤ ማንንም አታውቅም።

ጁን 24
ሰገነቱን ማፍረስ ጀምረዋል። ሄጄ አላየሁም። ስንቱ ሰው ነው ግን እጁን እያውለበለበ ያሰበውን ሳይናገር የቀረ? እኔም የሰውን ሰላምታ በማጉያ ሳደርስ የራሴን...

ዛሬ ማሪዝ ስትደውል ስልኩን ከሴልዊን እጅ ቀማሁት። "ኧረ አልጨረስኩም!" አለ። ይጩህ።
"እማዬ? ምን ሆንሽ?"
"ምንም። ናፍቀሽኛል። በሩ ላይ ልልሽ የፈለግሁት፣ ሳትሄጂ ጀምሮ እየናፈቅሽኝ እንደነበር ነው።"
ስታለቅስ ሰማኋት። እኔም አላስቻለኝም።
ሴልዊን ስልኩን መልሺ አላለኝም። ወንበር አምጥቶ ከኋላዬ አስቀመጠልኝ።