ላም የሌላት ሳቢሳ

ታርኔት፣ ሜልቦርን
ሐሙስ፣ ግንቦት 2001 ዓ.ም.

ውድ ጋሼ ፋንታሁን፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ግራ ዓይንዎም ከደከመ ወዲህ ይህን የምታነብልዎት ልጅዎ ዋጋዬ እንደሆነች አውቃለሁ። ዋጋዬ፣ አደራ፣ አንድም ቃል ሳታስቀሪ አንብቢላቸው። ለእኔ አዝነሽ የምትዘይው መስመር እንዳይኖር።

ባለፈው እሑድ የወንድምዎ ልጅ ደሴ ላይ ፎቶ ቤት ሊከፍት መሆኑን በስልክ ሲነግሩኝ ድምፅዎ የወጣት ሆኖ ነበር። «የሳቢሳዋን ፎቶ አሳድገሽ ላኪልኝ፤ ከበሩ ትይዩ ትሰቀላለች። ከሥሯ ስም ይጻፍባት፤ ስሙን ከኔጋቲቩ ፖስታ ላይ ታገኚዋለሽ» አሉኝ። እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ወዲህ ልቤ አላረፈም። ጋሼ፣ ስለዚያች ፎቶ የዋሸሁዎት ነገር አለ። ውሸቴ ግድግዳ ላይ ከመሰቀሉ በፊት ልናዘዝ።

ግን በቀጥታ ወደ ጥፋቴ መሄድ አቃተኝ። ያን ጊዜ ሳስታውሰው ደስ ስለሚለኝ ትንሽ ላቆይዎት ነው፤ ይታገሱኝ።

ኖርዝ ሜልቦርን፣ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ፣ በርዎ ከበሬ ፊት ለፊት። ከኮምቦልቻ ባሌን ተከትዬ ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም። ሙንታሲር ቀኑን ሙሉ ታክሲ ላይ ነው። እኔ ጠዋት ሆቴል አጸዳለሁ፤ ከሰዓት ሰው ስለሌለኝ ሮያል ፓርክ ያለው ኩሬ ዳር ሄጄ በትንሿ ካሜራዬ ወፍ አነሳለሁ። አንድ ቀን ሊፍት ውስጥ ፎቶዎቼን ሳገላብጥ አንገትዎን አስግገው አዩና «ልጄ፣ ይቺ ነጠብጣብ ምንድን ናት? ዝንብ አርፎበት ነው?» አሉኝ። ዳክዬ ነበረች። ደሴ ላይ ሠላሳ ዓመት ፎቶ ቤት እንደነበረዎት የነገሩኝ ያን ቀን ነው።

ስድስት መቶ ዶላር አጠራቅሜ ነበር። ያኔ ዲጂታል ካሜራ የሁሉ ሰው አምሮት ነው፤ እኔም ከሱቅ መስታወት ኋላ አንዷን መርጬ በየሳምንቱ እየሄድኩ አያታለሁ። እርስዎ ግን አሻፈረኝ አሉ። «እሷ እኮ ሣጥን ናት! የሣጥን ውስጡ ጨለማ ነው፤ የሚያየው ሌንሱ ነው። ገንዘብሽን ሌንሱ ላይ ጣይው።» ዲጂታሏን ብገዛ ለረጅም ሌንስ የሚተርፈኝ እንደሌለ፣ አብሯት የሚመጣው አጭሩ ሌንስ ደግሞ ዳክዬዋን መልሶ ዝንብ እንደሚያደርጋት አስረዱኝ። ሰው ሁሉ ወደ ዲጂታል ሲሮጥ የፊልም ዕቃ በየአሮጌ ዕቃ መሸጫው በርካሽ ወድቋል። ከደሴ ያመጧት የፊልም ካሜራ አለች፤ የሚጎድለን ለእሷ የሚገጥም ረጅም ሌንስ ብቻ። ቅር እንዳለኝ አይተው «ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም» አሉኝ።

ያ ከተማ ውስጥ ያለው ያገለገለ ካሜራ መሸጫ ትዝ ይልዎታል? ሌንሱን ወደ ብርሃን አንስተው ሻጋታ ፈለጉበት። ቀለበቱን ጆሮዎ ሥር እያዞሩ አዳመጡት። እንደወደዱት ገብቶኛል፤ ፊትዎን ግን መድኃኒት እንደጠጣ ሰው አጨማደዱት። ሰውዬው ሦስት መቶ ሃምሳ አለ፤ እርስዎ ሁለት መቶ አሉ። ራሱን ነቀነቀ። «እንሂድ» አሉኝ በሹክሹክታ፤ «ዞር ብለሽ እንዳታዪ። በሩ ጋ ስንደርስ ይጠራናል።» በሩ ጋ ደረስን፤ አልጠራንም። «መንገዱን ስንሻገር ይጠራናል።» ተሻገርን። ትራም ፌርማታው ላይ ቆመን ሁለት ትራም አሳለፍን፤ የሚጠራን ጠፋ። «ይሄ ምን ዓይነት ነጋዴ ነው? እናት አባቱ ገበያ ወስደውት አያውቁም?» እያሉ እስከ ቤት ድረስ ተናደዱ።

በሳምንቱ ስንመለስ ሌንሱ እዚያው ነበር። ሰውዬው አየንና እየሳቀ «ባለፈው ቅዳሜ ስትሄዱ እርምጃችሁ ቀስ ያለ ነበር» አለ። ስተረጉምልዎ እርስዎም ሳቁ፤ በሳቁ መሀል በሁለት መቶ ሰማንያ ሰጠን።

የተረፈው ለፊልምና ለማሳጠቢያ ይሁን ስላሉ ካሜራ የሚቆምበት ባለ ሦስት እግሩ ትራይፖድ ቀረ። ከአሮጌ ሱሪዎ እግር ከረጢት ሰፍተው ሽንብራ ሞሉበት። የኩሬው አጥር ላይ አስቀምጠን ሌንሱን ስናስደግፍበት ንቅንቅ አይልም። አንድ ቀን ዝናብ መታው፤ እኔ ጅሏ ሳላደርቀው ማጠቢያው ሥር ወረወርኩት። በሳምንቱ በስፌቱ በኩል አረንጓዴ ነገር ብቅ አለ። «የዙልፋ ትራይፖድ በቀለ!» ብለው ፎቁን ሙሉ አሳቁብኝ። ሙንታሲር እስካሁን ያነሳብኛል።

እንዲህ ስንስቅ ግን የቀኝ ዓይንዎ እየጠፋ ነበር። ሐኪሙም ተስፋ እንደሌለው ነግሮዎታል። በግራው ያንሱ ስልዎት «ዕድሜዬን ሙሉ በቀኙ ነው ያየሁት። ግራው ማንበብ እንጂ ፎቶ ማንሳት አያውቅም» አሉኝ። ከዚያ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው «ሳይጠፋ አንዲት ጥርት ያለች ፎቶ ላንሳና ልተወው» አሉ። ያን ቃል አልረሳሁትም። ጥፋቴም የመጣው ከዚያ ነው።

ሰኔ ነበር፤ የዚህ አገር ብርድ የሚገባበት ወር። አገራችን ከላም ኋላ የማትጠፋው ነጯ ወፍ፣ ሳቢሳዋ፣ ከሸምበቆው መሀል ብቻዋን ቆማለች። «ላም በሌለበት ምን ትሠራለች?» አሉ፤ «እሷም እንደኛ ሳታጣራ የመጣች ናት።» ፊልም ስለምንቆጥብ ልማዳችን አንድ እርስዎ፣ አንድ እኔ ነው። ክንፏን ዘርግታ ስትነሳ ጠቅ አደረጉ። እሷ ኩሬውን አንድ ጊዜ እስክትዞር ካሜራውን አቀበሉኝ፤ ፊልሙን አዙሬ እኔም ጠቅ አደረግሁ። ከዚያ ዛፎቹን አልፋ ሄደች።

ፊልሙ ታጥቦ ከነኔጋቲቩ በፖስታ ሲመጣ ትራም ላይ ከፈትኩት። የእርስዎዋ ደብዝዛለች፤ ነጭ ጭስ ትመስላለች። የኔዋ ላባዋ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ፎቅ ስደርስ በሩን ከፍተው፣ እጅዎን ዘርግተው እየጠበቁኝ ነበር። አፌ ከልቤ ቀደመ። «ጋሼ፣ የእርስዎ ወጣች!» ብዬ ጥርት ያለችውን ሰጠሁዎት። የደበዘዘችውን «የኔ ናት፤ አበላሸኋት» አልኩ። ብዙ አዩዋት። መስኮቱ ጋ ወስደው ከነኔጋቲቩ አዩዋት። ከዚያ ግንባሬን ሳሙኝ። ኔጋቲቩን ከነፖስታው ይዘው ገቡ።

በሳምንቱ ካሜራዎን በፎጣ ጠቅልለው አመጡልኝ። «እኔ የምፈልገውን አየሁ፤ ከእንግዲህ ያንቺ ናት» አሉኝ። እንቢ እንዳልል ውሸቴ ሊወጣ ነው፤ ተቀበልኩ። ከዚያ ወዲህ ባነሳኋት ቁጥር የሰረቅሁት ዕቃ እጄ ላይ ያለ ይመስለኛል። አምና ወደ ደሴ ሲመለሱ ኔጋቲቮቹን ሁሉ ያጠራቀሙበትን ቆርቆሮ አስረከቡኝ። ያን ጊዜም አፌ አልተከፈተም። ቆርቆሮውንም አፍሬ እስከ ዛሬ አልከፈትኩትም።

እንግዲህ ይኸው ነው። ዝም ብል ባላነሱት ፎቶ በአገርዎ ሰው ፊት ሊመሰገኑ ነው። ብናገር ደግሞ የመጨረሻ ፎቶዎን ልቀማዎት ነው። ተናገርኩ። ይቅር ይበሉኝ። ቅዳሜ ቆርቆሮውን ከፍቼ ኔጋቲቩን ማሳጠቢያ እወስዳለሁ፤ ደብዳቤውን ከዚያ በኋላ እጨርሰዋለሁ።

ቅዳሜ

ጋሼ፣ ከፈትኩት።

ሁሉም በወር በወሩ ተደርድሯል። በየፖስታው ላይ፣ እንደ ፎቶ ቤትዎ ደንብ፣ የፎቶው ቁጥርና የባለቤቱ ስም በእርሳስ ተጽፏል። የዚያ ሰኔ ፖስታ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ሳቢሳ። ቁጥር 21፣ ፋንታሁን። ቁጥር 22፣ ዙልፋ።» ቀኑም አለ፤ ፎቶዎቹን ያመጣሁልዎት ዕለት ነው። ካሜራውን ከመስጠትዎ ሳምንት ቀድሞ።

ማድቤት ወለሉ ላይ ተቀምጬ ሳለቅስ ሙንታሲር ደርሶ «ማን ሞተ?» አለኝ። «ማንም አልሞተም፤ ጋሼ ፋንታሁን ሦስት ዓመት ሙሉ ሲዋሹኝ ኖረው ነው» አልኩት። ቁጥሩ እኮ ኔጋቲቩ ጠርዝ ላይ ታትሟል፤ ቀድመው ያነሱት እርስዎ ነዎት፣ ቀዳሚዋ 21 ደግሞ የደበዘዘችው ናት! ሠላሳ ዓመት ያን ቁጥር ሲያነብ የኖረን ሰው እኔ ላታልል! ግራ ዓይንዎ ማንበብ እንደሚያውቅ ራስዎ ነግረውኝ ነበር። ግንባሬን የሳሙኝም ስለ ፎቶዋ መስሎኝ ነበር።

ማሳጠቢያ ቤት ሄጄ ሁለት ፎቶ አሳደግሁ። ቁጥር 22፣ ከሥሯ ስሜ እንዳዘዙኝ ተጽፎባታል። ቁጥር 21ንም፣ ከሥሯ ስምዎ። ሠራተኛው «ይቺኛዋ ተበላሽታለች፤ እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኩት። ስታድግ አየኋት፤ የኔዋ አየር ላይ የቆመች ትመስላለች፣ የእርስዎዋ ግን ትበራለች። እንደዚያ ጊዜው እያባበልኩዎት አይደለም። ዋጋዬን ይጠይቋት፤ እሷ ለእኔ ብላ አትዋሽም።

ለፎቶ ቤቱ አላህ በረካ ያድርግበት። ሁለቱን ጎን ለጎን ያሰቅሏቸው፤ ብዙም አይራራቁ። በመሀላቸው ያለፈው ካሜራውን ያቀበሉኝ ጊዜ ብቻ ነው።

የቁጥር 22 ባለቤት፣
ዙልፋ